ያልተያያዘው ማመልከቻ

ያን ጊዜ የምሠራበት ሳምንታዊ መጽሔት ቢሮው አትላስ አካባቢ፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የጥብስ ሽታ በመስኮት እየገባ ሁላችንንም ሥራ ያስፈታን ነበር። ምርጫው ሲቃረብ አዘጋጃችን ሥራ አከፋፈለን። ትልልቆቹ ፓርቲዎች ለአንጋፋዎቹ ተሰጡ። ለእኔ የደረሰኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደሩ ሰዎችን የሕይወት ታሪክና አቋም በሁለት ገጽ የሚያስተዋውቀው ዓምድ ነው።

"ቦሌ አራብሳ አንዲት ሴትዮ አሉ" አለኝ። "ለከተማው ምክር ቤት በግል ነው የሚወዳደሩት። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ቀለል አድርገሽ ጻፊያቸው። ውሃ፣ መንገድ፣ ልጆቻቸው፣ አንድ ጥሩ ፎቶ።"

እኔም ከዚያ የተለየ ነገር አልጠበቅኩም። ማክሰኞ ጠዋት ከመገናኛ የአራብሳን ታክሲ ያዝኩ። ስደርስ ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ሆነው ታዩኝና ብሎኩን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። ሁለቱም ጊዜ የጠየቅኳቸው ሰዎች ቁጥሩን ሳልጨርስ "የእጩዋ ቤት ነው?" ብለው አሳዩኝ።

እጩዋ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ሲናገሩ ቃል የሚመርጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ከሁለት ሴት ልጆቻቸው አንዷ አግብታ ወጥታለች፣ ሌላዋ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ባለ አንድ መኝታዋ ቤታቸው ውስጥ ከሶፋው ይልቅ ዓይኔን የሳበው የፋይል መደርደሪያው ነው። እያንዳንዱ ፋይል ጀርባው ላይ በጥንቃቄ ተጽፎበታል፤ "ውሃ"፣ "መብራት"፣ "የቆሻሻ ገንዳ"፣ "መልስ ያልተሰጠባቸው"። የመጨረሻው ከሁሉም ይወፍራል።

የተወለዱት ቡታጅራ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሲጨርሱ አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። ቀን የአጎታቸውን ሱቅ እየጠበቁ፣ ማታ እየተማሩ አሥራ ሁለተኛን ጨረሱ። ከዚያ በጽሕፈት ሥራ ሠልጥነው መሃል ከተማ፣ አንድ ቀበሌ መዝገብ ቤት ተቀጠሩ።

"ዕድሜዬን ወረቀት ሳገላብጥ ኖርኩ" አሉኝ። "ከዚያ ወጣሁ።"

"ለምን ወጡ?"

"ሰለቸኝ" አሉና ሻይ ሊጨምሩልኝ ተነሡ። ማስታወሻዬ ላይ "ሰለቸኝ" ብዬ ጽፌ አለፍኩ።

ስለ አቋማቸው ስጠይቃቸው መልሰው እኔን ጠየቁኝ። "የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ኖሮሽ ያውቃል?"

"ስንቴ።"

"መጨረሻ የተሰጠሽ ደብዳቤ ላይ የወሰነብሽ ሰው ማን ይላል?"

አላስታወስኩም።

"ስለሌለበት ነው የማታስታውሺው። ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው። 'ተወስኗል' ይላል። ማን ወሰነ? 'ተቀባይነት አላገኘም' ይላል። ማን ነው ያልተቀበለው? ምክር ቤት ብገባ መጀመሪያ የማነሣው ይሄንን ነው። የወሰነው ሰው ስሙ ያልተጻፈበት ደብዳቤ ከቢሮ አይውጣ።"

እውነቱን ለመናገር ለመጽሔት ደረቅ ነገር መስሎ ታየኝ። ወደ ውሃው መለስኳቸው። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን እንደሚመጣ፣ ኮሚቴው ሁለተኛ ሮቶ እስኪያስተክል ስንት ቢሮ እንደተመላለሰ ነገሩኝ። ቢመረጡ በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት ነዋሪው መሃል ተቀምጠው አቤቱታ እንደሚሰሙም ነገሩኝ። ለምን ፓርቲ እንዳልገቡ ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡ።

"ፓርቲ አልጠላም። ግን ፓርቲ ያለው ሰው ሲሳሳት ፓርቲው ይሸፍነዋል። እኔ የሚሸፍነኝ የለም። ሕዝቡ የሚያየው እኔኑ ነው።"

ይህቺን ከሥሯ አሰመርኩባት። ርዕስ ልትሆን ትችላለች ብዬ።

ረቡዕ ጎረቤቶቻቸውን ለማነጋገር ተመለስኩ። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረባቸውም። የታመመ ጠያቂ ናቸው፣ ሌሊት ቧንቧ ሲፈነዳ የሚጠሩት እሳቸውን ነው፣ የአካባቢው ታክሲ ፌርማታ የተፈቀደው በእሳቸው ውትወታ ነው። ልመለስ ስል ከፊት ለፊቱ ብሎክ ምድር ቤት ካለ ሱቅ ውሃ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቁ ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ የወሎ ሰው ናቸው። ሥራዬን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በየጠዋቱ ዳቦ ከእኔ ነው የሚወስዱት። ለዚህ ሰፈር የሠሩትን ማንም አይክድም" አሉ።

"ከዚህ በፊትስ ያውቋቸው ነበር?" ይህን የጠየቅኩት ለወግ ያህል ነው።

ሚዛኑ ላይ የነበረውን ስኳር አውርደው ፌስታሉን ቋጠሩና ወደ ጎን አደረጉት።

"እኔ አውቃቸዋለሁ። እሳቸው አያውቁኝም።"

ታሪኩን የነገሩኝ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ነው። መሃል ከተማ ካሳደጓቸው አክስታቸው ጋር በቀበሌ ቤት ይኖሩ ነበር። ቤቱ በአክስታቸው ስም ነው። አክስታቸው ሲሞቱ ውሉ ወደ እሳቸው እንዲዛወር አመለከቱ። ማመልከቻውን በመስኮት የተቀበሏቸው፣ መዝገብ ላይ አስፍረው ቁጥር የሰጧቸው የዛሬዋ እጩ ናቸው። ወራት አለፈ። በዚህ መሃል ሰፈሩ ለልማት ይፈርሳል ተባለና ምትክ ቤት የሚያገኙ ሰዎች ዝርዝር ተለጠፈ። የእሳቸው ስም የለም።

"ሄጄ ስጠይቅ 'አንተ ማመልከቻም አላስገባህ' አሉኝ። ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ሄድኩ። ሴትዮዋ ነበሩ። ቆምኩ። ቀና አላሉም። ሰው ከኋላዬ ሲገፋኝ ሄድኩ።"

ከዚያ ባለቤታቸውንና አራት ልጆቻቸውን ይዘው ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲንከራተቱ ኖሩ። በመጨረሻ ኪራይ ረከስ ይላል ተብሎ ወደ አራብሳ መጡ፣ ሱቋንም ተከራዩ። አንድ ጠዋት እኚያው ሴትዮ ገቡና ዳቦ ጠየቁ።

"ምን አሏቸው?"

"ዳቦ ሸጥኩላቸው።"

ከመደርደሪያው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ከልጆቻቸው የልደት ካርድ ጋር፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለች ብጣሽ ወረቀት አለች። የእሳቸው ስም፣ የማመልከቻው ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተም። ከጎኑ በእጅ የተጻፈ "ተቀብያለሁ" እና ፊርማ። ፎቶ ላንሣት ብዬ ስጠይቅ ፈቀዱልኝ።

"ልጻፈው?" አልኳቸው።

"ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ። ጻፊ አላልኩም፣ አትጻፊም አላልኩም።"

ታክሲ ውስጥ ስልኬን ደጋግሜ እያወጣሁ አየሁት። ያን የእጅ ጽሕፈት ማክሰኞ ዕለት በየፋይሉ ጀርባ ላይ አይቼዋለሁ።

ሐሙስ ልጃቸውን ለማየት ወደ ቦሌ እንደሚመጡ ነግረውኝ ስለነበር እዚያው መንገድ ላይ ካለ ካፌ ቀጠርኳቸው። ሰው የሞላበት ቦታ መምረጤ ሆን ብዬ ነበር። ፈርቻለሁ። እሳቸውን ነው ወይስ የማደርገውን ነገር፣ አላውቅም። እንደተቀመጡ ብዙ ሳላወራ የሰውየው ስም ያለበትን ቦታ የቆረጥኩበትን ፎቶ ከፊታቸው አደረግሁት።

መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። አስተናጋጇ መጥታ ምን እንደሚታዘዝ ጠየቀች፤ ሁለት ሻይ አዘዝኩ።

"የእኔ እጅ ጽሕፈት ነው" አሉ።

"ማመልከቻው ምን ሆነ?"

"መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ይሄ ብቻ አይደለም፣ ሰባት ነበሩ። ዝርዝሩ ሲሠራ በየስሙ ያለውን ማመልከቻ አያይዤ ማቅረብ የእኔ ሥራ ነበር። አለቃዬ 'ውል ያለው ብቻ' አለ። ማመልከቻዎቹን ይዤ 'እነዚህስ?' አልኩት። 'የምን እነዚህ?' አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ተመልሼ መሳቢያውን ዘጋሁት።"

"ማክሰኞ 'የሚሸፍነኝ የለም' ብለውኝ ነበር" አልኳቸው። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ደረቀ።

"ብዬሻለሁ።"

"ኮንዶሚኒየሙስ እንዴት ደረሰዎት?"

"እሱ በዕጣ የደረሰኝ ነው። ወረቀቱን አሳይሻለሁ። ግን ማን ያምነኛል? አንቺስ ታምኚኛለሽ?" ፎቶውን መልሰው ተመለከቱ። "ሰውየው የት ነው ያለው?"

"ልነግርዎት አልችልም።"

"አራብሳ ነው?"

ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እንደነገርኳቸው የገባኝ ፊታቸው ሲለወጥ ነው። ስንት ሰው በዓይናቸው እንዳለፈ አላውቅም፤ በየደረጃው ሰላም የሚሏቸውን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያስታውሱ ይመስሉ ነበር።

"አንድ ነገር ልለምንሽ" አሉ በመጨረሻ። "ቅዳሜ በሦስት ሰዓት የነዋሪ ስብሰባ አለን። እዚያ ራሴ ልናገረው። ከዚያ እንደፈለግሽ ጻፊ። ከመጽሔት ላይ አንብበው እንዲመጡብኝ አልፈልግም።"

መጽሔቱ ማተሚያ ቤት የሚገባው ዓርብ ማታ ነው። እሞክራለሁ አልኳቸው። ሲነሡ ቦርሳቸውን ረሱትና ተከትዬ አቀበልኳቸው።

ዓርብ ጠዋት ለአዘጋጃችን ነገርኩት። ልደብቀው አልችልም ነበር፣ የያዝኩት ነገር ትልቅ መሆኑን አውቃለሁ። እሱ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

"ይሄ ሽፋን ነው። በይ ጻፊው፣ ለማታ ይድረስ።"

ስለ ቅዳሜው ስብሰባ ብነግረው የሚለኝን አውቀዋለሁ። እጩዋ ሌሊቱን ሰውየውን ፈልገው ያስፈራሩታል፣ ወይም ያባብሉታል፣ ሌላ ጋዜጣ ይቀድመናል። ይህን ሁሉ እኔም ለራሴ ብየዋለሁ። ግን እሞክራለሁ ብያቸው ነበር፤ ስለዚህ ዋሸሁ።

"የወረቀቱ ፎቶ ደብዝዟል። ዋናውን ነገ ጠዋት እንደገና ማንሣት አለብኝ።"

ፎቶው እኮ ከጠራ መስታወት ይጠራ ነበር። አዘጋጁ ማተሚያ ቤት ደውሎ ተጨቃጨቀ። ስልኩን ሲዘጋ "ነገ ስድስት ሰዓት" አለኝ። "አንድ ደቂቃ ብታልፊ ገጹን ማስታወቂያ እሞላበታለሁ፣ አንቺም ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ።"

ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ተኩል የብሎኮቹ የጋራ ሕንፃ፣ ኮሚናል የሚሉት፣ በር ላይ ነበርኩ። አግዳሚ ወንበሮቹ ቀስ በቀስ ሞሉ። ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ የታክሲ ሾፌሮችና ለሥራ ያልወጡ ወጣቶችም አሉ። ባለሱቁ ሱቃቸውን ዘግተው መጡና መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከእኔ ሦስት ሰው አለፍ ብለው ተቀመጡ። እንደማያውቀኝ ሰው በጭንቅላታቸው ሰላም አሉኝ።

እጩዋ ተነሥተው ስለ ውሃ ጀመሩ። ከውሃ ወደ መብራት ሄዱ። ከመብራት ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድ። ሰዓቴን አየሁ፤ ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው። ስለ ቆሻሻ ገንዳው ሲጀምሩ አይናገሩትም ብዬ ደመደምኩ። ለአዘጋጁ የምለውን ማሰብ ጀመርኩ፤ ሲናገሩ ደግሞ ዓይናቸው በየአግዳሚው ላይ እንደሚዞር፣ አንድ ፊት ላይ ቆም እያለ ወደሚቀጥለው እንደሚያልፍ አየሁ። ሰውየውን እየፈለጉ ነበር። አላገኟቸውም።

"ሌላ አንድ ጉዳይ አለ" አሉ ከዚያ። ድምፃቸው ተቀይሮ የቢሮ ድምፅ ሆነ። "በፊት እሠራበት በነበረው ቀበሌ፣ ሰፈሩ በፈረሰ ጊዜ፣ ምትክ ቤት ማግኘት የነበረባቸው አንዳንድ ነዋሪዎች ማመልከቻ ከዝርዝሩ ጋር ሳይያያዝ ቀርቷል። በዚህ ምክንያት የተጎዱ ሰዎች አሉ። ከመካከላችሁም ሊኖር ይችላል። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ብዙው አልገባውም። ባለሱቁ ቀስ ብለው ተነሡ።

"እመቤቴ" አሉ፣ "ሳይያያዝ ቀርቷል ነው ያሉት፣ ወይስ አላያያዝኩትም?"

እጩዋ አዩዋቸው። በየጠዋቱ የሚያዩትን ፊት ነው፤ ግን አሁን ገና ያዩት ይመስላሉ። የያዙትን ወረቀት አጣጠፉት።

"አላያያዝኩትም።"

"ለምን?"

"ፈራሁ። አለቃዬን ፈራሁ፣ ሥራዬን ፈራሁ። እርስዎ መስኮቱ ላይ ሲቆሙ አይቼዎት ነበር። ቀና ያላልኩት አውቄ ነው።"

ባለሱቁ ተቀመጡ።

ከፊት የተቀመጠች ሕፃን ያዘለች ወጣት እናት እጇን አወጣች። "ታዲያ ምክር ቤት ገብተው ትልቅ ሰው ሲቆጣዎት አሁንም ቢፈሩስ?" አለች። በክፋት አልነበረም፤ የምር ማወቅ የፈለገች ይመስል ነበር።

"ልፈራ እችላለሁ" አሉ እጩዋ። "አልፈራም ብልሽ እዋሽሻለሁ። ለዚህ ነው ስሜ ከወሰንኩት ነገር ሥር ይጻፍ የምለው። ስሜ ቢኖርበት ኖሮ ያን መሳቢያ አልዘጋውም ነበር።"

አንድ ሰውዬ ሳቅ ብሎ ወጣ። ሌሎች ሁለት ሦስት ተከተሉት። ያጨበጨበ የለም። ማክሰኞ ደረቅ ብዬ ያለፍኩት ነገር ምን እንደነበር የገባኝ እዚያ አግዳሚ ላይ ነው፤ አፈርኩም።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ጻፍኩት። መገናኛ ላይ መኪናው ተቆላልፎ ሃያ ደቂቃ ቆምን። አትላስ ደርሼ ደረጃውን ስወጣ ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር። አዘጋጁ ጽሑፉን አነበበ፣ ፎቶውን ጠየቀኝ፣ ላክሁለት። ስክሪኑን አተኩሮ አየ።

"ይሄ ረቡዕ የተነሣ ነው" አለ። "ጥርት ያለ ነው። ዋሽተሽኛል።"

"አዎ፣ ዋሽቻለሁ" አልኩ።

ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ጽሑፉ ወጣ። ርዕሱን ግን እሱ ቀይሮት "ማመልከቻ የደበቁት እጩ" ሆኗል። የዚያች ወጣት እናት ጥያቄና የእጩዋ መልስ ያሉበት የመጨረሻ አንቀጽ ቦታ ጠቦ ነው ተብሎ ተቆርጧል። ያቺ አንቀጽ ባትኖር ጽሑፉን ባልጻፍኩት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ስለሚከፈቱ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች እንድጽፍ ተመደብኩ።

እጩዋ አልተመረጡም። የምርጫ ጣቢያው በር ላይ በተለጠፈው ውጤት በሰፈራቸው ሁለተኛ ሆነዋል፤ በሌሎቹ ጣቢያዎች ከዚያም በታች። መጽሔቱ ባይወጣ ኖሮስ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ምናልባት ያው ነበር፤ የግል እጩ ማሸነፍ ድሮም ከባድ ነው። ይህ ግን እኔን አያጽናናኝም፣ ለማጽናናት ብዬም አልጻፍኩትም።

ከአንድ ወር በኋላ ለጽሑፉ ከእጩዋ የተዋስኳቸውን የድሮ ፎቶግራፎች ልመልስ ሄድኩ። እጩዋ በር ከፈቱልኝ፤ አልተቆጡም፣ ደስም አላላቸውም። ፎቶዎቹን ቆጥረው ተቀበሉና "ርዕሱን ማን አወጣው?" አሉኝ።

"አዘጋጁ።"

"ስሙ አልተጻፈበትማ" አሉ።

ስወጣ ወደ ባለሱቁ ጎራ አልኩ። ከሰላምታ በኋላ፣ እጩዋ አሁንም ዳቦ ከእሳቸው ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ይወስዳሉ አሉኝ።

"ይቅር አሏቸው?"

"ይቅርታ የጠየቁኝ ሰው በተሰበሰበበት ነው። እኔ ሰው ፊት አልመልስም።" ለአንድ ደንበኛ ሳሙና አቀበሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ግን ማመልከቻውን እንደገና ጽፈነዋል። የመጀመሪያው ምን እንደሆነ እሳቸው በራሳቸው እጅ፣ በስማቸው ጽፈው ፈርመውበታል። ማክሰኞ ማክሰኞ አብረን ይዘነው እንሄዳለን። እስካሁን 'ነገ ተመለሱ' ነው።"

በሚቀጥለው ማክሰኞ አንድ አዲስ ሆቴል ለማየት ወደ አያት ስሄድ መገናኛ ታክሲ ተራው ጋ አየኋቸው። ከአራብሳ መጥተው ወደ መሃል ከተማ የሚወስደውን ሰልፍ ይዘዋል። ሴትዮዋ ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከፊት ናቸው፤ ባለሱቁ ከኋላቸው፣ መሃላቸው አንድ ሰው የሚያስገባ ክፍተት ትተው። አይነጋገሩም። ታክሲው ሲመጣ ሴትዮዋ ወደ ጎን አሉና አስቀደሟቸው። እሳቸውም ገቡ።